ትንሹ ፋብሪካችን ለምን ከትልልቆቹ ጋር ተመደበ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ነው። ዕቃ በኒኬልና በክሮም የሚለብጥ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ሃያ ሰው እንኳ አንሞላም። በቅርቡ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያው ክፍል ተዛወርኩ። ባለፈው ሳምንት ከከተማው የፍሳሽ መሥሪያ ቤት አንዲት ኢንስፔክተር መጥታ ናሙና ወሰደች። አለቃዬን ስጠይቀው «እኛ ካቴጎሪካል ነን» ብሎኝ ሄደ። እኛ በቀን የምናፈሰው 3,000 ጋሎን ነው። አጠገባችን ያለው ትልቅ የልብስ ማጠቢያ 15,000 ጋሎን ያፈሳል፣ እሱ ግን እንደኛ አይደለም አሉ። ምደባው በምንድን ነው? እኔስ ላይሰንስ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግራ ቢገባህ አይገርምም። ምደባ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው የታንኩ ትልቅነት ወይም የፋብሪካው ስፋት ነው። ሕጉ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ውሃው ከግቢው ከወጣ በኋላ የት ነው የሚገባው?

በቀጥታ ወንዝ ወይም ባሕር ከገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ መሠረት የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በአብዛኛው ስቴት ፈቃዱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው። እናንተ ጋ ግን የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ኢፒኤ ራሱ ነው የሚሰጠው። እዚያ መስመር ላይ ያሉት ደግሞ በነጥብ ይለያሉ። የመርዙ ዓይነት፣ የውሃው መጠን፣ ከታች በኩል የመጠጥ ውሃ የሚቀዳ ሰው መኖር አለመኖሩ፣ እነዚህና ሌሎችም ይደመሩና 80 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ዋና ይባላል፣ ከዚያ በታች ያለው አነስተኛ።

እናንተ ግን ወደ ከተማው ቱቦ ነው የምትለቁት። ስለዚህ በቅርብ የሚቆጣጠራችሁ የከተማው ማጣሪያ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የከተማው ማጣሪያ የተሠራው ከሽንት ቤትና ከማድቤት ለሚመጣ ቆሻሻ ነው፣ ያንን ባክቴሪያ ይበላዋል። ኒኬልን ግን የሚበላ ባክቴሪያ የለም። ወይ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ወይ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፣ ወይ አልፎ ወንዝ ይገባል። ለዚህ ነው ፋብሪካው ራሱ አስቀድሞ አጣርቶ እንዲለቅ የሚገደደው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ትሠራላችሁ?» ነው። አለቃህ ካቴጎሪካል ያለህ ይሄንን ነው። ኢፒኤ ለተወሰኑ የሥራ ዓይነቶች ለመላው አገር የሚሆን ወሰን አውጥቷል። ብረት ማስዋብና መለበጥ ከነሱ አንዱ ነው፣ በደንቡ ክፍል 433 ላይ ታገኘዋለህ። እዚያ ስድስት ሥራዎች ተዘርዝረዋል፦ በኤሌክትሪክ መለበጥ፣ ያለ ኤሌክትሪክ መለበጥ፣ አኖዳይዚንግ (የአሉሚኒየምን ገጽ በኤሌክትሪክ ማጠንከር)፣ በኬሚካል መሸፈን፣ በኬሚካል መፋቅ፣ የሰርኪት ቦርድ ሥራ። ከስድስቱ አንዷን ከሠራህ ገብተሃል። የውሃው ማነስ ከምድቡ አያስወጣህም። (የሌላ ሰው ዕቃ በክፍያ የሚለብጡ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በፊት የነበሩ ቤቶች በክፍል 413 ሊታዩ ይችላሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ፋብሪካው ፍሳሽ በሚለቅበት ፈቃድ፣ ፐርሚቱ ላይ ተጽፏል፣ አስፈቅደህ አንብበው።)

ልብስ ማጠቢያውስ? ለልብስ ማጠቢያዎች አገር አቀፍ ወሰን ለማውጣት ታስቦ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ኢፒኤ ተወው። ስለዚህ ካቴጎሪካል አይደለም። ያም ሆኖ በቀን 25,000 ጋሎን የሥራ ውሃ ቢያፈስ፣ ወይም የከተማውን ማጣሪያ አቅም 5 በመቶ ቢይዝ፣ ወይም ከተማው «ይሄ ችግር ያመጣብኛል» ብሎ ቢወስን፣ ከእናንተ ጋር እኩል ሲግኒፊካንት (ጠበቅ ያለ ቁጥጥር የሚደረግበት) በሚባለው ምድብ ይገባል። በ15,000 ጋሎኑ ግን በመጠን ብቻ አይገባም። እናንተ በ3,000 የገባችሁት በሥራችሁ ዓይነት ነው። እኔ በዚህ ምደባ እስማማለሁ። የልብስ ሳሙና በብዛት ከሚፈስ ይልቅ ሲያናይድና ክሮም በጥቂቱ ቢፈስ ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ።

ምድቡ ሥራህን እንዴት እንደሚለውጠው እንይ። ፐርሚቱ ከ5 ዓመት በላይ አይሰጥም። ከተማው በዓመት ቢያንስ አንዴ መጥቶ ማየትና ናሙና መውሰድ አለበት። ኢንስፔክተሯ የመጣችው ተጠርጥራችሁ ላይሆን ይችላል፣ ግዴታዋ ነው። እናንተ ደግሞ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ሪፖርት ታስገባላችሁ። በክፍል 433 ኒኬል በአንድ ቀን ከ3.98 ሚሊግራም በሊትር ማለፍ የለበትም፣ የወር አማካዩ ደግሞ 2.38 ነው። ክሮም 2.77 እና 1.71። ከተማው ከዚህ የጠበቀ ቁጥር ካወጣ የሚሠራው የጠበቀው ነው።

እስቲ አንድ ቀን ታንኩ ጋ ቆመህ እየው። ከክሮሙ መስመር የሚመጣው ማለቅለቂያ ውሃ ቢጫ ነው፣ አንዳንዴ ብርቱካን ይመስላል። አሲድ ተጨምሮ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 2 ወይም 3 ይወርዳል፣ ከዚያ ባይሰልፋይት የሚባለው ኬሚካል ሲገባ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይገለበጣል። መርዛማው ክሮም 6 መዝቀጥ ወደሚችለው ክሮም 3 ተለወጠ ማለት ነው። ቀጥሎ ኮስቲክ ሶዳ ፒኤቹን ወደ 9 አካባቢ ሲያወጣው ውሃው እንደ እርጎ መቋጠር ይጀምራል፣ ብረቱ ይዘቅጣል። ዝቃጩን የሚጨምቀው ፊልተር ፕሬስ ሲከፈት ዱብ ዱብ የሚለው ጭቃ ያ ነው። ያ ጭቃ አደገኛ ቆሻሻ ተብሎ ኤፍ006 የሚል ኮድ አለው፣ ጋርቤጅ ውስጥ እንዳትጥለው። የሲያናይድ መስመር ካላችሁ ደግሞ አደራ፣ አሲድ እንዳይነካው። የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

አንድ የሠራሁበት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ቁጥሩ አልወርድ ሲል የማታው ሺፍት የውሃ ጎማ መጨረሻው ታንክ ውስጥ ከትቶ ይለቅ ነበር። እኔም አዲስ ስለነበርኩ ዝም አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል። ውሃ ጨምሮ ማቅጠን በሕጉ በግልጽ ክልክል ነው፣ ደግሞም ክሮሙ አንድ ግራም እንኳ አይቀንስም። እንዲህ አድርግ ቢሉህ እምቢ በል።

ላይሰንሱን በተመለከተ፣ እሱ የስቴት ጉዳይ ነው። በማሳቹሴትስ የኢንዱስትሪ ማጣሪያ ኦፕሬተር ላይሰንስ ከከተማ ማጣሪያው የተለየ ነው፣ ከደረጃው ቁጥር ጋር «I» (አይ) የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል አለው። ደረጃው የሚወሰነው በማጣሪያው ውስብስብነት ነው። ፒኤች ብቻ ከማስተካከልና ብረትን በኬሚካል ከማዝቀጥ የትኛው እንደሚከብድ አንተ አሁን አይተኸዋል። የእናንተ ማጣሪያ በየትኛው ደረጃ እንደተመዘገበ አለቃህን ጠይቀውና ለዚያ ፈተና ተዘጋጅ። ደመወዝህንም ይለውጠዋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ሞጆ ነው የምኖረው። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ወንዙን እያበላሸው ነው። በእኛ አገርስ ምደባና ወሰን አለ? የእኔ ቢጤ ሰው ምን ማድረግ ይችላል?

መልስ፦ እትዬ፣ አለ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 አሉ። ወሰኑም እንደ አሜሪካው በሥራ ዓይነት የተለየ ነው፣ ቆዳው ለብቻ፣ ጨርቃ ጨርቁ ለብቻ። ለቆዳ ፋብሪካ ጠቅላላ ክሮም በሊትር ከ2 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ውሃው የት ይገባል የሚለውም እኛ ጋ ይሠራል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐይቅ አጠገብ ስለሆነ ፍሳሹ መልሶ ጥቅም ላይ እንዲውልና ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ ተደርጎ ነው የተሠራው።

ወደ እርስዎ ልምጣ። በአዋጁ አንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው አቤት ማለት ይችላል። መሬቴ ተነካ፣ ከብቴ ሞተ ብለው የግል ጉዳት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። አቤቱታዎን ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያስገቡ። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠዎት፣ ወይም በውሳኔው ካልተስማሙ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ቀኑ ስለሚቆጠር ደብዳቤውን ሲያስገቡ ኮፒው ላይ የተቀበሉበትን ቀን ያስጽፉ፣ ማኅተም ያስመቱበትና እርስዎ ጋ ያስቀምጡት።