«ድባቴ በደም ምርመራ ይታያል ወይ?» ስለ ኮርቲሶል ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ብዙውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ሆርሞን ምርመራ ላይ ነው። ሰሞኑን «የስትሬስ ሆርሞኔ (ኮርቲሶል) ከፍ ብሏል፣ ድባቴ አለብኝ ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት ጀምሩ ወይም አቁሙ አልልም። ስለ ምርመራው ግን የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጠዋት የተወሰደው ኮርቲሶሌ 23 ወጣ። ወረቀቱ ላይ መደበኛው ከ5 እስከ 25 ነው ይላል። ለትንሽ ነው የተረፍኩት?

መልስ፦ ኧረ ደህና ነሽ። ኮርቲሶል ቀኑን ሙሉ እኩል አይሆንም። ስንነቃ ይወጣል፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወርዶ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ 23 የሚሆን ሰው ሞልቷል። እኩለ ሌሊት ላይ 23 ቢሆን ግን እኔም እደነግጣለሁ። ደግሞ መርፌ የሚፈራ፣ ሌሊቱን ያልተኛ፣ ታክሲ አጥቶ እየሮጠ የመጣ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። በቀደም አንዲት ልጅ ገና ክንዷን ሳስር እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አረፍ በይ ብዬ ግማሽ ሰዓት አቆይቼ ነው የቀዳሁላት። ወረቀቱ ላይ ግን ይሄ አይጻፍም፤ የሚጻፈው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኮርቲሶልና ድባቴን ማን አገናኛቸው? ዴክሳሜታዞን ተውጦ የሚሠራ ምርመራ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ አለ። ዴክሳሜታዞን ሰው ሠራሽ የኮርቲሶል ዘመድ ነው። ማታ ስትውጠው አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ «በቂ አለ» ብላ ትእዛዟን ትቀንሳለች፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል እጢዎችም ማምረቱን ያቀዘቅዛሉ። በማግስቱ ኮርቲሶሉ ካልወረደ ፍሬኑ አልያዘም ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በርናርድ ካሮልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ይሄን ለከባድ ድባቴ መለያ አድርገው አቀረቡት። ከምሽቱ 5 ሰዓት 1 ሚሊግራም ይዋጣል፣ በማግስቱ ከቀኑ 10 ሰዓትና ከምሽቱ 5 ሰዓት ደም ይቀዳል፣ ኮርቲሶሉ በዴሲሊትር ደም ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከሆነ ፖዘቲቭ ይባላል። በእነሱ ጥናት ከ100 ሕሙማን 67ቱን ያዘ፤ ሕመሙ የሌለባቸውን ደግሞ ከ100 ውስጥ 96ቱን በትክክል ነፃ አለ። በወቅቱ ትልቅ ተስፋ ነበር፤ እንደ ስኳር ምርመራ ድባቴም በደም ሊለይ ነው ተባለ። በሰፊው ሲሞከር ግን ድባቴ ካለባቸው ብዙዎቹን ሳተ፣ ድባቴ የሌለባቸውን ደግሞ ያዘ። ለካሮል ግን ፍትሐዊ እንሁን፤ እሱ የተናገረው ስለ ከባዱ ዓይነት ነው እንጂ ስለ እያንዳንዱ ኀዘን አይደለም።

ጥያቄ፦ እህቴ 19 ዓመቷ ነው። ከዐቢይ ጾም ጀምሮ እህል መቅመስ ተወች፣ ጾም ነው አለችን። ፋሲካም ደርሶ ዶሮው ቀርቦ እሷ እንቁላሉን ሳህኑ ላይ ስታንከባልል ዋለች። አሁን ልብሷ ሁሉ ሰፍቷታል፣ ፊቷም አይፈታም። ኮርቲሶሏ ከፍተኛ ነው፣ ጭንቀት ነው ተባልን። ድባቴው ነው ወይስ የምግቡ ነገር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልብ ብለሃል። ጾም የሚፈታበት ቀን አለው፤ ቀኑ ደርሶ መፍታት ያቃታት ልጅ ላይ ያለው ነገር ሌላ ነው። ምናልባት አኖሬክሲያ (ሰው ራሱን ምግብ የሚከለክልበት ሕመም) ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ይየው።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ረሃብ ራሱ ኮርቲሶልን ከፍ ያደርጋል። ምግብ ሲጠፋ ሰውነት ጡንቻውን እያፈረሰ ስኳር ይሠራል፣ ይሄን ከሚያሠሩት ሆርሞኖች አንዱ ኮርቲሶል ነው። ስለዚህ በጣም የከሳ ሰው ዴክሳሜታዞን ውጦም ኮርቲሶሉ ላይወርድ ይችላል፤ ክብደቱ ሲመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ያ ቁጥር ድባቴውን ከረሃቡ አይለይልህም።

መክፋቷም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን፣ በፈቃዳቸው፣ ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ሆድ አቆያቸው። ክብደታቸው ወደ ሩብ ያህል ወረደ፤ እነዚያ ደህና የነበሩ ሰዎች ከፋቸው፣ ተነጫነጩ፣ ከሰው ሸሹ፣ ሌት ተቀን ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ያዙ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡም ነበሩ። ድባቴው ከረሃቡ በፊትም ኖሮባት ሊሆን ይችላል፣ እሱንም ሐኪሙ ይጠይቃታል። ግን ሰውነቷ ሳይመገብ አእምሮዋ ብቻውን አይድንም።

ከኮርቲሶል በፊት በደሟ ያሉት ማዕድናት ፖታሺየሟና ፎስፌቷ፣ የልብ ምርመራዋም ይታይ። ብዙ ሳምንት ያልበላን ሰው ደግሞ ድንገት «ብይ ብይ» ብላችሁ አታጨናንቁት። ፎስፌቱ በአንዴ ወርዶ ልቡን ሊጎዳ ይችላል፣ ምግቡ በሐኪም ልክ ነው የሚጀመረው። ዛሬ ማታ ዐረፍ ብላ ሳለ የልብ ምቷን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠርና ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ እኔ ክብደቴ ደህና ነው፣ ግን ብዙ እበላና አስመልሳለሁ። ማንም አያውቅም። ኮርቲሶሌ ኖርማል ሆነ። ምንም የለብኝም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም የኔ እህት። ኮርቲሶል ኖርማል ሆኖ ቡሊሚያ (ብዙ በልቶ የማስመለስ ሕመም) ሊኖር ይችላል። የሚያሰጋኝ ፖታሺየምሽ ነው፤ ማስመለስ ፖታሺየምን ያወርዳል፣ እሱ ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል። ላቦራቶሪ የምትሄጂ ከሆነ እሱን አሠሪ፣ ለሐኪሙም የጻፍሽልኝን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ንገሪው። ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።

ጥያቄ፦ የቲቢ መድኃኒት ላይ ነኝ። ውጤቱን ያበላሻል?

መልስ፦ የዴክሳሜታዞኑን አዎ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ጉበት ዴክሳሜታዞኑን ቶሎ እንዲያጠፋው ያደርጋል፤ ኪኒኑ ሥራውን ሳይሠራ ያልቅና ፍሬኑ የተበላሸ ይመስላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም እንደዚያው። ኤስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያ ደግሞ የደሙን ቁጥር ከፍ ያደርጋል። የሌሊት ተረኛ ከሆንክም ተናገር፣ ሰዓትህ ተገልብጧል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነኝ። «አድሬናልሽ ደክሟል» ብለው የምራቅ መመርመሪያ በፖስታ የሚልኩ አሉ። ልግዛ?

መልስ፦ ገንዘብሽን ያዢ። የሆርሞን ሐኪሞች «የደከመ አድሬናል» የሚባል በሽታ አይቀበሉም። የእኩለ ሌሊት ምራቅ እውነተኛ ምርመራ ነው፣ ግን ሐኪም ለሌላ በሽታ ሲጠረጥር የሚያዘው ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ምርመራው ለምንም አይጠቅምም በለና!

መልስ፦ በጣም ይጠቅማል፣ ጥያቄው ትክክል ከሆነ። ፊቱ ክብ ሆኖ፣ ሆዱ ላይ ሐምራዊ ሰንበር ወጥቶ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶት የሚከፋው ሰው ካለ ኩሺንግ (ኮርቲሶል ከመጠን በላይ የሚበዛበት በሽታ) ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ድባቴ በጣም የተለመደ ነው። ያኔ የ24 ሰዓት ሽንት በጄሪካን አምጣ እንላለን፣ የማታውንም ኪኒን እንሰጣለን።

ተቃራኒውም አለ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ሰውየው ይከሳል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ይዝላል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ ጨው ጨው ይለዋል። ቤተሰቡ «ከፍቶት ነው» ይላል። የጠዋት ኮርቲሶሉ ግን በጣም ዝቅተኛ ነው። አድሬናሉ ተጎድቷል፣ አዲሰን ይባላል፤ አንዱ መንስኤ ቲቢ ነው። ይሄ ካልታከመ ይገድላል። በረሃብ የከሳ ሰው ኮርቲሶሉ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ነገሩ እንደገና ይታይ። ለመወፈር ብላችሁ ዴክሳሜታዞን የምትወስዱም አላችሁ፤ የራሳችሁን ኮርቲሶል አስተኝቶታልና በድንገት አታቁሙ፣ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቁማችሁ።

ጥያቄ፦ ውጤቴ ሳምንት ይፈጃል ተባልኩ። መኖር አስጠልቶኛል። ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቅ። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ የምታምነውን ሰው ይዘህ። ለእሱም ለሐኪሙም የጻፍከውን ንገራቸው። ማንም የኮርቲሶል ወረቀት አምጣ አይልህም።

ጥያቄ፦ ስለ እህቴ የጻፍኩት ነኝ። ሁለቴ ቆጠርኩት። 42 ነው። ለእናቴ እንዴት ብዬ ልንገራት?

መልስ፦ እናትህን መንገድ ላይ ትነግራታለህ። ነገ አትበል፣ አሁን ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት። ስትገቡ ስለ ኮርቲሶሉ አይደለም የምትጀምረው፤ «ከጾሙ ጀምሮ አልበላችም፣ ልቧ በደቂቃ 42 ነው የሚመታው» በላቸው። ብርድ ልብስ ያዝላት፣ ይበርዳታል።