ደብዳቤህ ላይ «ፕሮጀክት ማናጀር» ባይልም

ከሐዋሳ አንድ ወጣት መሐንዲስ ጽፎልኛል። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። በ2011 ዓ.ም. ተመርቄ መስከረም 2012 ሥራ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሥራ ተቋራጭ ጋ ሳይት ኢንጂነር ነኝ። ሁለት ሕንፃ አስረክበናል፤ አሁን ሦስተኛው ላይ ነኝ። የዱባይና የሪያድ የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ‹ፒኤምፒ (የፕሮጀክት አመራር የሙያ ማረጋገጫ) ያለው ይመረጣል› የሚል ስለማይ ፈተናውን መውሰድ ፈልጌያለሁ። ግን የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ ‹ፕሮጀክት ማናጀር› የሚል ቃል የለም። አንድ ሰው ‹በክፍያ ፎርሙን እሞላልሃለሁ፣ ልምድህንም አሳምረዋለሁ› ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል? እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው። በሁለት ወር ተዘጋጅቼ መፈተን እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ ለዚያ ሰው ገንዘብህን አትስጥ። ሊሸጥልህ የፈለገው ነገር በእጅህ አለ።

ፈተናውን የሚሰጠው ፒኤምአይ የሚባለው፣ በፈረንጆቹ 1969 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ተቋም ነው። ማመልከቻው የሥራ መጠሪያህን ብቻ አይቶ አይወስንም። የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው ባለፉት 8 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድ ይጠይቃል። ዲግሪ ለሌለው 60 ወር ነው። በተጨማሪም የ35 ሰዓት የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሥልጠና ያስፈልጋል። ሥልጠናውን በኢንተርኔት መውሰድ ትችላለህ፤ ዋናው ሰርተፊኬቱ ነው።

«መምራት» የምትለዋ ቃል ናት ብዙ ሰው የምታስፈራው። እስቲ ሳይትህን አስብ። ፌሮ በሰዓቱ ሳይገባ ሲቀር የሳምንቱን ሥራ እንደገና የደለደለው ማን ነበር? የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ አንድ ክፍል ላይ ሲጋጩ ማን ቀድሞ እንደሚገባ የወሰነው? ፎርማኑና ካቦው ሲኳረፉ መሀል የገባው? የክፍያ ሰርተፊኬት አዘጋጅቶ ከአማካሪው መሐንዲስ ጋር መስመር በመስመር የተከራከረው? እነዚህን አንተ ካደረግሃቸው መርተሃል።

ግን ሁሉም ወር አይቆጠርም። አዲስ ምሩቅ ሆነህ የታዘዝከውን ስትለካና ስትመዘግብ የነበረበትን ጊዜ ተወው። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ብትቀንሰው እንኳ 36 ወሩ ይሞላልሃል። በአንድ ጊዜ ሁለት ሳይት ይዘህ ከነበረም ያ ወር የሚቆጠረው አንዴ ብቻ ነው።

ፎርሙ ላይ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አጭር መግለጫ ትጽፋለህ። የፕሮጀክቱ ዓላማ፣ ያንተ ድርሻ፣ ያስረከባችሁት ነገር፣ ውጤቱ። የእኛ መሐንዲሶች እዚህ ላይ ራሳቸውን ይበድላሉ። «የኮንክሪት ሙሌት ተቆጣጥሬያለሁ» ብለው ያልፉታል። ይህ የቴክኒክ ሥራ ነው እንጂ መምራትህን አያሳይም። እውነቱን ሳትለቅ እንዲህ ማለት ትችላለህ፦ «ዓላማው ባለ አራት ፎቅ የትምህርት ሕንፃ ሠርቶ ማስረከብ ነበር። የሥራውን ዝርዝር ከአማካሪው ጋር አጥርቼ ሳምንታዊ መርሐ ግብር አወጣሁ። የሦስት ንዑስ ተቋራጮችን ሥራ አቀናጀሁ። የሲሚንቶ እጥረት እንደሚያጋጥም ቀድሜ አሳውቄ የሥራውን ቅደም ተከተል አስቀየርኩ። በየወሩ የተሠራውን ለክቼ ለክፍያ አቀረብኩ። በርክክቡ ጊዜ የወጡትን ጉድለቶች አስጨርሼ ሕንፃውን አስረክበናል።» መጀመሪያ በአማርኛ ጻፈው። የሠራኸውን በራስህ ቋንቋ ስታየው ነው እንግሊዝኛው የሚመጣልህ።

አሁን በክፍያ ፎርሙን እሞላልሃለሁ ወዳለህ ሰው ልመለስ። ከማመልከቻዎቹ የተወሰኑት በዕጣ ተመርጠው ይጣራሉ። ዕጣው ከወጣብህ በ90 ቀን ውስጥ የዲግሪህን ቅጂና የሥልጠና ሰርተፊኬትህን ትልካለህ፤ ልምድህን ደግሞ ሥራህን የሚያውቅ ሰው ያረጋግጥልሃል። ሌላ ሰው የፈጠረውን ልምድ ማን ይፈርምልሃል? የቀድሞ አለቃህን ዋሽልኝ ልትለው ነው? የተቋሙ የሥነ ምግባር ደንብ የቆመባቸው እሴቶች ኃላፊነት፣ መከባበር፣ ፍትሐዊነትና ሐቀኝነት ናቸው፤ የሐሰት ልምድ ከተገኘብህ በሩ ሊዘጋብህ ይችላል። ሐቀኛ የአምስት ዓመት ላብህን ለዚህ አታጋልጠው።

ለእኛ አገር አመልካቾች ሁለት ነገር አጥብቄ እነግራለሁ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የልምድ ደብዳቤህ «ከመስከረም 2012» ካለ ፎርሙ ላይ የምትሞላው ሴፕቴምበር 2019 ነው። ደብዳቤው በእኛ አቆጣጠር፣ ፎርሙ በፈረንጆቹ ሆኖ ሳይገናዘቡ ቢቀሩ አጣሪው ግራ ይጋባል። አለቃህ ሲያረጋግጥ የፈረንጆቹን ቀን ጭምር እንዲያውቀው አድርግ። ሁለተኛው ስም ነው። ዲግሪህ ላይ ስምህ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርትህ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ፈተናው በር ላይ የሚታየው መታወቂያህ ነው። አካውንት ስትከፍት በፓስፖርትህ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ገልብጠው። የአባትና የአያት ስም የትኛው ቦታ ላይ እንደገባም ተመልከት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። የወራት ጥናትህን ግን በር ላይ ሊያስቀርብህ ይችላል።

ወደ ፈተናው እንሂድ። በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ የመጣው ፈተና 180 ጥያቄ በ230 ደቂቃ ነበር። ለአንዱ 77 ሰከንድ ገደማ ይደርሰው ነበር። በየ60 ጥያቄው የአሥር አሥር ደቂቃ ሁለት ዕረፍት አለ፤ ወደ ዕረፍት ከወጣህ በኋላ ያለፍከውን ክፍል ተመልሰህ ማየት አትችልም። ይዘቱ በዚያን ጊዜ 42 በመቶ ስለ ሰዎች፣ 50 በመቶ ስለ አሠራር ሂደት፣ 8 በመቶ ፕሮጀክቱ ስለሚካሄድበት የንግድ ሁኔታ ነበር። ተቋሙ ፈተናውን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚያድስ ምንም ከማጥናትህ በፊት አንተ ለምትፈተንበት ጊዜ የሚያገለግለውን የፈተና ይዘት ዝርዝር ከድረ ገጹ አውርድ። በነፃ ነው። ከጓደኛ የተቀበልከው የቆየ ማስታወሻ ይህን አይተካም።

ቀስ ብዬ ነው የማነበው ያልከው ቀላል ነገር አይደለም። ጥያቄዎቹ አብዛኛዎቹ አራት አምስት መስመር ያላቸው ታሪኮች ናቸው። ፈተናው በአማርኛ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረህ በየቀኑ 20 ጥያቄ በሰዓት ተለማመድ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቀድመህ አንብብ፤ የሚጠየቀው እዚያ ነው። «በመጀመሪያ ምን ያደርጋል?» እና «ቀጥሎ ምን ያደርጋል?» መልሳቸው ይለያያል።

አሁን ከሁሉም በላይ ልነግርህ ወደ ፈለግኩት ደረስኩ። እኔም ሳይት ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ። የልምምድ ፈተናዎችን ስጀምር ብዙ ጥያቄ የሳትኩት ፎርሙላ ላይ አልነበረም። አንድ ምሳሌ ላምጣ። አንድ የቡድን አባል ሥራውን ደጋግሞ ያዘገያል። ፕሮጀክት ማናጀሩ በመጀመሪያ ምን ያድርግ? ማስጠንቀቂያ ይጻፍ? ለኃላፊ ያሳውቅ? ሰውየውን ይቀይር? ወይስ ለብቻው ያነጋግረው? የእኛ ሳይት ልማድ የመጀመሪያው ነው። ነገር ሲበላሽ ደብዳቤ እንጽፋለን፣ ግልባጭ እናደርጋለን፣ ራሳችንን እንከላከላለን። ውል ባለበት ሥራ ደብዳቤ ቦታ አለው። ፈተናው የሚፈልገው ግን ሰውየውን አነጋግረህ ምክንያቱን እንድትረዳ ነው። ወደ በላይ የምትወስደው አንተ መፍታት ካልቻልክ ብቻ ነው።

ሌላው ልማዳችን «እሺ» ነው። ባለቤቱ ሳይት መጥቶ «ይቺን ግድግዳ ወደዚያ ግፏት» ሲል እሺ ብለን ማፍረስ እንጀምራለን። ክፍያው ላይ ነው ጭቅጭቁ የሚመጣው። በፈተናው ዓለም መጀመሪያ ለውጡ በጊዜ፣ በዋጋና በጥራት ላይ የሚያመጣውን ትመዝናለህ፤ ከዚያ በተስማማችሁበት የለውጥ አሠራር ታስወስናለህ። እምቢም እሺም ብለህ አትቸኩልም። እነዚህን ሁለት ልማዶች ካረምክ ብዙ መንገድ ትሄዳለህ። እውነቱን ለመናገር ሳይትህም ላይ ይጠቅምሃል።

ለመሐንዲስ አዲስ የሚሆነው አጃይል የሚባለው፣ ሥራውን በትንሽ በትንሹ ሠርቶ እያሳዩና በአስተያየት እያስተካከሉ የሚሄዱበት አሠራር ነው። በዚያው በ2021 በመጣው ፈተና ከጥያቄዎቹ ግማሽ ያህሉ ከእሱ ወይም እሱን ከተለመደው ከሚያዋህደው ቅይጥ አሠራር የሚመጡ ነበሩ። ቃላቱ የሶፍትዌር ሰዎች ስለሚመስሉ አትሽሽ። የሕንፃው አካል በዲዛይኑ መሠረት በቅደም ተከተል ይቆማል። የሱቆቹ ክፍፍልና ፊኒሺንጉ ግን ተከራይ በመጣ ቁጥር ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ወለል ጨርሰህ ታሳያለህ፣ አስተያየት ትሰበስባለህ፣ ለቀጣዩ ወለል ታስተካክላለህ። ቅይጥ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ጠዋት ጠዋት ከፎርማኖቹ ጋር ቆማችሁ «ትናንት ምን ተሠራ፣ ዛሬ ምን ይሠራል፣ ምን ያዘን» የምትባባሉት ነገርም እዚያ ስም አለው።

ስሌቱ ለአንተ ቀላል ነው። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ የ10 ሚሊዮን ብር ሥራ ታቅዶ የ8 ሚሊዮኑ ተሠርቶ 9 ሚሊዮን ወጥቶ ከሆነ፣ ከጊዜ አንፃር (8 ለ10 ሲካፈል) 0.8፣ ከወጪ አንፃር (8 ለ9 ሲካፈል) 0.89 ላይ ነህ። ከአንድ በታች ማለት ዘግይተሃል፣ ከገንዘብህም አልፈሃል። ይህ ከገባህ ሁለት ቀን ይበቃሃል።

ሁለት ወር ላልከው፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሳይት ላይ ለሚውል ሰው ያጥራል። አራት ወር ያዝ። ማታ አንድ ሰዓት፣ እሑድ ሦስት ሰዓት። ፒኤምቦክ የተባለውን የተቋሙን መመሪያ እንደ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር አታንብበው፤ የልምምድ ጥያቄ ስትስት የምትመለስበት ይሁን። የሳትከውን ጥያቄ ለምን እንደሳትከው በደብተር ጻፍ። የእውነተኛ ፈተና ጥያቄ ነው ተብሎ በቴሌግራም የሚሸጠውን አትንካ። መጨረሻው ወር ላይ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ፈተና ሳትነሣ ሥራ።

ክፍያው በዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው በብር ሲታሰብ ከባድ ሆኗል፤ ስለዚህ ቀድመህ አስላ። የተቋሙ አባል ከሆንክ ፈተናው ይቀንስልሃል። ማመልከቻህ ከጸደቀ በኋላ አንድ ዓመት አለህ፣ በዚያ ውስጥ እስከ ሦስት ጊዜ መፈተን ይቻላል፤ ለድጋሚው ግን ትከፍላለህ። ፎርሙን ዛሬ ጀምረህ በ90 ቀን ውስጥ መጨረስ ትችላለህ፤ ጥናትህ ግማሽ ሲደርስ ላከው። ከቤት በኢንተርኔት መፈተን ቢፈቀድም መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አትሞክረው። አዲስ አበባ ባለው የፒርሰን ቪዩ መፈተኛ ማዕከል ቀጠሮ ያዝ፤ ከፈተናው አንድ ቀን ቀድመህ ገብተህ እደር።

ሰርተፊኬቱ ብቻውን ዱባይ አይወስድህም። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠይቁህ ስለ ሕንፃዎቹ ነው። ለዚህም ነው ማመልከቻውን ራስህ መጻፍ ያለብህ።

በዚህ ሳምንት አንድ ወረቀት ላይ ሦስቱን ሳይቶች ጻፍ። የተጀመሩበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ አንተ የወሰንካቸውን ነገሮች፣ ሥራህን ሊያረጋግጥልህ የሚችለውን ሰው ስልክና ኢሜይል። ለሚያረጋግጥልህ ሰው አሁኑኑ ደውልለት። ሥራ ቀይሮ ወይም ከአገር ወጥቶ ከሆነ ዛሬ ማወቁ ይሻልሃል።