የተረፈው ሩብ ነው ወይስ ሲሶ?

ጥያቄ፦ በርበሬ አስፈጭቼ በፌስታል እየመዘንኩ እሸጣለሁ። ስድስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ የቤት ሥራ ላይ የእኔኑ ሥራ የሚመስል ጥያቄ መጣባት። «8 ኪሎ ተኩል በርበሬ፣ እያንዳንዱ 3/4 ኪሎ በሚይዝ ፌስታል ቢታሸግ ስንት ፌስታል ይወጣዋል?» ይላል። እሷ ገልብጣ አባዝታ 11 ከ1/3 አለች፤ ትክክል ተብሎ ታረመላት። እኔ በሚዛን ብሞክረው ግን 11 ፌስታል ሞልቶ የተረፈኝ ሩብ ኪሎ ነው። ሲሶው ከየት መጣ? ሚዛኔ ነው የተበላሸው ወይስ አራሚው ነው የተሳሳተው?
የልጅ እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ሚዛንዎም ደህና ነው፣ አራሚውም አልተሳሳተም። ኪሎውን ይተዉትና በሩብ እንቁጠር። 8 ኪሎ 32 ሩብ ነው፤ ተኩሉ 2 ይጨምራል፣ 34። አንድ ፌስታል 3 ሩብ ይይዛል። 34 ለ3 ሲካፈል 11 ይደርስና 1 ይተርፋል። ይህ 1 ሩብ ኪሎ ነው፤ ሚዛንዎ ያየው እሱን ነው። ፌስታሉ ለመሙላት ግን 3 ሩብ ይፈልግ ነበርና፣ ያገኘው 1 ብቻ ስለሆነ ሲሶው ነው የሞላው። ልጅዎ የጻፈችው ደግሞ ይሄንን ነው። በርበሬው ያው ነው፤ እርስዎ በኪሎ፣ እሷ በፌስታል ለካችሁት።

ድሮ፣ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት፣ ለባለመሬቱ ሲሶ የሚሰፍር ጭሰኛ የምኑ ሲሶ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ክፍል ውስጥ ግን ቁጥሩ ብቻውን ሰሌዳ ላይ ይቀራል። እኔም ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን፣ እንዲህ ባለ ጥያቄ ላይ «ይህን ያህል ፌስታልና ሩብ ኪሎ» ብሎ የመለሰን ልጅ በቀይ ሰርዤበታለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ከክፍሉ ሁሉ የገባው እሱ ነበር።

መገልበጡም ተአምር የለውም። 1 ኪሎ በርበሬ አንድ ፌስታል ሞልቶ የሌላውን ሲሶ ይይዛል፤ 4/3 ፌስታል ማለት ነው። 8 ኪሎ ተኩል ደግሞ 17/2 ነውና፣ 17/2 ሲባዛ በ4/3 68/6 ይሆናል፤ ሲቃለል 34/3፣ ያው 11 ከ1/3። ጥያቄው «ስንት ፌስታል ይገዛ?» ቢል ኖሮ ግን መልሱ 12 ነበር።

ልጆች የሚወድቁት አካፋዩ ድብልቅ ቁጥር ሲሆን ነው። 2 ከ1/4ን ገልብጪ ሲሏት ሁለቱን እንዳለ ትታ ሩቡን ብቻ የምትገለብጥ ብዙ ናት። መጀመሪያ 9/4 ይደረግ፣ ከዚያ 4/9 ተብሎ ይገልበጥ።

ዛሬ ማታ ይሄን ይስጧት፦ ለአንድ ቀሚስ 2 ሜትር ከሩብ ቢያስፈልግ፣ ከ10 ሜትር ጨርቅ ስንት ቀሚስ ይወጣል? 4 ከ4/9 ትልዎታለች። «ስንት ሜትር ጨርቅ ተረፈ?» ይበሏት። 4/9 ሜትር ካለች ሜትሩን ሰጥተው ያስለኳት፤ የተረፈው ሙሉ 1 ሜትር ነው።