ስኳር አለብሽ ተባልኩ፤ ልጹም ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ለገጣፎ ነው። በቅርቡ ራሴን ሲያዞረኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ስኳር አለብሽ ተባልኩ። በባዶ ሆድ 214 ነበር። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ታዘዘልኝ። በፍልሰታ እንደ ልማዴ ቅዳሴ እስኪያልቅ ምንም አልቀመስኩም፤ መድኃኒቱን ብቻ ጠዋት በጠበል ዋጥኩ። ቅዳሴው መሐል ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ። ጠበል ቦታ የተዋወቅኳቸው እናት ደግሞ «እምነት ካለሽ መድኃኒቱን ተይው» አሉኝ። ቁርስ ብበላ ጾሜን ገደፍኩ ማለት ነው? መድኃኒት መዋጤስ እምነት ማጣት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ያ ላብና መንቀጥቀጥ ስኳርሽ ወርዶ ይመስላል። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን አመንጪ እያለ ይገፋፋል፤ ምግብ ገባ አልገባ ብሎ አይጠብቅም። ውጠሽው ሳትበዪ ከቆየሽ ስኳሩ ከ70 በታች ይወርዳል፣ ራስን እስከ መሳትም ያደርሳል። እንደዚያ ሲሰማሽ ቅዳሴ ላይም ብትሆኚ ወጣ በይና 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለሽ ድገሚው፤ ሲሻልሽ ምግብ ብዪ። ቦርሳሽ ውስጥ ስኳር አይጥፋ። አጠገብሽ የምትቆመዋም ሴት ሕመምሽን ትወቅ።

ጾም የሰዓትም የምግብም ነው። አንቺ አሁን የምትተዪው ሰዓቱን ነው። ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን እንደ ተውሽ ጠዋት የጾም ምግብ ቀምሰሽ መድኃኒትሽን ብትወስጂ ማንም ጾም ገደፍሽ አይልሽም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በአንቀጽ 15 በሽተኛን ከግዴታው ያነሣዋል። ይህን ግን ለብቻሽ አትወስኚ። ለንስሐ አባትሽ ሕመምሽን በግልጽ ንገሪያቸው፤ እሳቸው በሚሉሽ ጸሎትና ምጽዋት ትተኪዋለሽ።

መድኃኒቱን ተይው ላሉሽ እናት ክፉ መልስ አትስጪ፤ ወደውሽ ነው። ምክራቸውን ግን አትቀበዪ። ሕዝቅያስ ሲታመም እግዚአብሔር እንደሚፈውሰው ቃል ገብቶለት ነበር። ያም ሆኖ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ሲራክም በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ አስተምረዋል። ለስኳርም ያው ነው። ጠበሉን ጠጪ፣ ተጠመቂ፣ ክኒንሽንም ዋጪ። ተፈውሻለሁ ብለሽ ካመንሽ ተመርመሪ፤ መድኃኒቱን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው።

አሁን ወደ ማዕዱ። የጾም ምግብ ሁሉ ለስኳር ይስማማል ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ ይህ ያሳስበኛል። ከቅዳሴ መልስ ምን እንደምንበላ እዪው። የራበው ሰው ሁለት እንጀራ በድንች ወጥ፣ ከዚያ ዳቦ፣ ከዚያ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ። ወይም ከተሜው የሚወደው ፓስታ። ሥጋ የለበትም፣ ስኳሩን ግን ሽቅብ ይሰደዋል። አንቺ እንጀራውን ግማሽ አድርጊው። ሩዝ ያልተቀላቀለበት ጤፍ ካገኘሽ ይሻላል። ሳህኑን ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ምስር፣ አዚፋ ይሙላው። ሻዩን ያለ ስኳር ልመጂው፤ መጀመሪያ ይመርራል፣ ከዚያ ይለመዳል። ማርና ብርዝም «ተፈጥሮ ነው» ተብለው አይታለፉም፤ እነሱም ስኳር ናቸው። ማኅበር ላይ «በሞቴ» እየተባለ የሚጎረስልሽን ደግሞ አመስግነሽ መመለስ አለብሽ። ጸበል ጻዲቁን ቁራሽ ቅመሺ፣ በረከቱ በቁራሹም አለ።

አንድ ነገር ላክል፤ ስለ እግርሽ። ስኳር የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። ቁስል ሳይሰማሽ ይሰፋል። በባዶ እግር ተሳልሜ ልምጣ የሚል ስእለት ካለብሽ ንስሐ አባትሽ በሌላ ይለውጡልሽ። ግቢው ጠጠር ነውና ጫማሽን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስትደርሺ ብቻ አውልቂ። መልሰሽ ስታደርጊው ውስጡን በእጅሽ ዳብሺው፤ ጠጠር አይጠፋም። ማታ እግርሽን ታጥበሽ በጣቶችሽ መካከል አድርቂ፣ እዪውም። ከጠበል መልስም እንዲሁ።

የምትይዢውን ቁጥር ሐኪምሽ ይነግርሻል። ለብዙ ሰው በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 ነው፤ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ ከ7 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። አንድ ቀን 180 ብታዪ አትደንግጪ። ምን እንደ በላሽ ጽፈሽ ለሐኪሙ አሳዪው።

ስለ ቅዱስ ቁርባን አልጠየቅሽኝም፤ መምጣቱ ግን አይቀርም። 18 ሰዓት ጹሞ መቁረብ ለአንቺ ከባድ ነው። ሐኪምሽ በዚያ ዕለት መድኃኒቱን እንዴት እንደምትወስጂ ይንገርሽ። ያለሽን ለንስሐ አባትሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ለሕመምሽ የሚስማማውን ሥርዓት እሳቸው ይወስኑልሽ። ብዙ ቦታ የእሑድ ቅዳሴ ጠዋት ስለሚያልቅ ከፍልሰታው የቀን ቅዳሴ ይልቅ እሱ ይቀልሻል።