«አራት ጊዜ ተገዝቼ አራቱንም አፈረስሁ»

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በአናጢነት የምተዳደር የ41 ዓመት ባለትዳር ነኝ። አረቄ መጠጣት ከጀመርሁ 11 ዓመት ሆነኝ። «ዳግመኛ አልቀምስም» ብዬ በንስሐ አባቴ ፊት አራት ጊዜ ተገዝቼ አራቱንም አፈረስሁ፤ ባፈረስሁ ቁጥርም ከኀፍረቱ የተነሣ ከበፊቱ አብልጬ እጠጣለሁ። ካቻምና ሁዳዴን ሙሉ ሳልቀምስ ጾሜ በፋሲካ ተመለስሁበት። ዘንድሮ ግን ጠዋት እጄ ስለሚንቀጠቀጥ አንድ መለኪያ ሳልቀምስ መጋዝ መያዝ አቅቶኛል። አረቄ ቤቱም ከሥራ ወደ ቤቴ በምሄድበት መንገድ ላይ ነው። እናቴ ጸበል፣ ባለቤቴ ሐኪም ቤት ሂድ ይሉኛል። ለእኔ የሚሆነኝ የትኛው ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የእጅዎ መንቀጥቀጥ ነው። ይህ የፈቃድ ድካም ሳይሆን ሰውነትዎ አልኮልን መልመዱን የሚያሳይ ምልክት ስለሆነ፣ «ከነገ ጀምሮ» ብለው በራስዎ በድንገት እንዳያቆሙ አደራ እላለሁ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጡና ላቡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ፣ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ደግሞ ቅዠትና ራስን አለማወቅ ሊከተል ይችላል፤ ሳይታከም ሲቀርም ይገድላል። ስለዚህ አስቀድመው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሄደው በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጡ ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ። ጸበሉም መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላልና እናትዎንና ባለቤትዎን ማስማማት አይከብድም።

የሚከብደው ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ነው። እኔ ግዝትን አልንቅም፤ በአንድ ግዝት እስከ ዛሬ የዘለቁ ሰዎች አውቃለሁ። ለእርስዎ ግን አምስተኛውን አልመክርም። ይልቅስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉትን የካቻምናውን ሁዳዴ መለስ ብለው ይመልከቱት። በጾም አረቄ የሚጠጣ ሞልቶ ሳለ እርስዎን 55 ቀን ያስቻለዎ ምን ነበር? ቀኑ ተቆጥሮ የታወቀ ነበር፤ ቤተሰብዎ አብሮዎት ይጾም ነበር፤ «ቅመስ እንጂ» ላለዎ ሁሉ «ጾም ይዣለሁ» የምትል፣ ክርክር የማታስከትል መልስ ነበረችዎ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ይመስለኛል፦ ከፋሲካ በኋላ ያለው ቀን አልታሰበበትም።

እንግዲህ ቃልዎን በዚያው መስፈሪያ ይስፈሩት። የአንድ ወር ቃል ይግቡ፤ የሚያድሱት ግን ወሩ ካለቀ በኋላ ሳይሆን 3 ቀን ሲቀረው፣ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለባለቤትዎ በአፍዎ ተናግረው ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ፣ አክሮን በምትባል ከተማ፣ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ሁለቱም ጠጪዎች፣ የመሠረቱት የመረዳጃ ማኅበር ከዚህም አሳጥሮ ቃሉን በቀን በቀን ያስይዛል። ወሩ ከረዘመብዎ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። አንድ ቀን ቢሰናከሉም የፈረሰው ያ ቀን ነውና፣ ኀፍረቱ ሁለተኛ መለኪያ ሳያስቀዳዎ በዚያው ምሽት ለባለቤትዎ ይንገሩ።

ለ«ቅመስ» ባዮችም እንደ «ጾም ይዣለሁ» ያለች አጭር መልስ ያዘጋጁ፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» ብትሉ እውነት ነው። ጠላ የሚቀዳበት ማኅበር ካለዎት ተረኛውን ቀድመው አነጋግረው ብርዝ ወይም ለስላሳ ያስቀምጡልዎ። ማታ 12 ሰዓት ከሥራ ሲወጡም፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በአረቄ ቤቱ ደጅ ከማለፍ ይልቅ በሐይቁ ዳር ዞረው ይግቡ፤ ግማሽ ሰዓት ቢጨምርብዎም ይጨምር።