«እጄ ይቀድመኛል» ላልኸው ወንድሜ

«በትንሽ ነገር እገነፍላለሁ፣ እጄ ይቀድመኛል፤ ከልጅነቴ ጋር ይያያዝ ይሆን?» ብለሃል። ይያያዛል። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ይህን ያወቅሁት ገንዘብ ከፍዬ ነው።

1ኛ፦ «ንዴትህን ዋጥ አድርገው» የሚልህን አትስማ። ስድስት ዓመት ዋጥሁት፤ ከሥሩ ያለው ሐሳብ ግን አይዋጥም። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ደብተሬን አስመጥቶ «የጸሐፊውን እጅ ጽሑፍ እዩልኝ!» ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። «ሰው ከሳቀ በእኔ ነው» የሚለውን እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሜ ተማርሁ።

2ኛ፦ ሕክምና ስትሄድ ሰው ይዘህ ሂድ። እኔ ብቻዬን ነበርሁ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ወረፋው ሁሉ እየሰማ «የአእምሮ ነው? ታዲያ ምን ያንሾካሹክሃል!» አለችኝ። ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። ወጣሁ፤ ሰባት ወር አልተመለስሁም። ሴትዮዋን እስካሁን ይቅር አላልኋትም። ጥፋቱም የደረሰው በዚያው መሐል ነው። የጥምቀት ሰሞን ሥራ ተቆልሎብኝ ሳለ ሁለት ደንበኞች የሸሚዝ ኮሌታ አገላብጠው አዩና ተያይተው ፈገግ አሉ። ካውያውን ወረወርሁት። እነሱን ስቶ የጎረቤቴን የሱቅ መስታወት አደቀቀው። 14,000 ብር፤ ያውም ሽማግሌ ለምኖልኝ።

በኋላ ያገኘሁት አማካሪ ነገሩን አፍታታልኝ። ጄፍሪ ያንግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በልጅነት ሥር የሚሰዱ እንዲህ ያሉ ሐሳቦችን «ስኪማ» ብሎ 18 ዓይነት ዘርዝሯል። የእኔዎቹ «ጎደሎ ነኝ» እና «ሰው ሊጎዳኝ ነው» የሚሉት ናቸው። ጠበኛ ልጆችም ሆን ተብሎ ይሁን በስሕተት ያልለየ ነገር ሲገጥማቸው ወደ ክፋት መተርጎም እንደሚቀናቸው በጥናት ታይቷል። ስኪማ ያለበት ሁሉ ግን አይማታም፤ እህቴ በዚያው ቤት አድጋ የተማረችው ዝም ማለትን ነው።

3ኛ፦ ጻፍ። እኔ በልኬት ደብተሬ፣ «ደረት 96፣ ወገብ 82» ከሚለው ጎን እጽፋለሁ፦ ምን ሆነ? ምን ብዬ ተረጎምሁት? የማን ድምፅ ነው? በሰው ላይ እጄን ሳላነሣ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሚስቴን ጠይቃት!

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሱሪ ሲለካ ጓደኛው በሳቅ ፈረሰ። መቀሱን አስቀመጥሁና «ምን አሳቀህ?» አልሁት። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አራት ጣት ቀርቷል። የሳቀው በእኔው ሥራ ነው። ግርጌውን ፈትቼ አስረዘምሁለት።