የሥራ ልምድዎ ተቀንሶ ፈቃድ ሲከለከሉ ማንን ይከሳሉ?

ጥያቄ፦ በመሐንዲስነት የሙያ ፈቃድ ጠይቄ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከ5 ዓመት ልምዴ 3ቱን ብቻ ያዘልኝ። ካዛንቺስ የሚገኘው የቀድሞ አሠሪዬ በስልክ ተጠይቆ «በኮንትራት ነው የሠራው» ብሏል አሉ። ሁለቱንም ልክሰስ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አሠሪዎን ለጊዜው ይተዉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ከለቀቁ ዓመታት ካለፉ ግን መጀመሪያ የሚያነሣው ይርጋ (የመክሰሻው ጊዜ አልፏል የሚል መከላከያ) ነው። «ኮንትራት» መባሉም ብቻውን አይጎዳዎትም፤ ጊዜው የተወሰነ ቅጥርም ቅጥር ነው። የሚጎዳዎት እንደ ተቀጣሪ በደመወዝ ሳይሆን ራሱን ችሎ እንደሚሠራ ባለሙያ በአገልግሎት ክፍያ ሲከፈልዎት ከነበረ ነው።

ይህን የሚለየው የጡረታ መዋጮ ነው። ደመወዝዎ 12,000 ብር ከነበረ በየወሩ ከእርስዎ 7 በመቶ (840 ብር)፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ (1,320 ብር) ገቢ መሆን ነበረበት። የወራቱን ዝርዝር ከግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና፣ የሥራ ግብሩን ከገቢዎች በማህተምና በቲተር ያውጡ። እምቢ ካሉ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልዎት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145 ያመልክቱ።

የልምድ ደብዳቤዎ በእንግሊዝኛ ከሆነ ቀኑን ይዩልኝ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 11 ቀን 2017 ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ግን በጥቅምትም 8 ደምረው 2018 ይላሉ፤ አንድ ዓመትዎ በዚያው ቀለጠ ማለት ነው። ክርክሩ ይህ ብቻ ከሆነ የታረመ ደብዳቤ ይበቃል፤ ለጠበቃ አይክፈሉ።

መሥሪያ ቤቱን በተመለከተ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለልዎት። ውሳኔው በጽሑፍና በምክንያት ይሰጥዎት። በስልክ የተሰበሰበ ቃል ሳይነገርዎት፣ መልስም ሳይሰጡበት ልምድ ከተቀነሰበት ዋናው የክስ ነጥብዎ እሱ ነው። አስቀድመው እዚያው ቅሬታ ያስገቡ፤ ይህን የዘለለ ክስ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ፍሬ ነገሩ ሳይታይ በሚነሣ ተቃውሞ) ይወድቃል። ቅሬታውን በመዝገብ ቤት አስገብተው በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ «ገቢ» ማህተምና ቀን ያስመቱ።

ካልተሳካ ልደታ፣ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሂዱ። ጊዜው አጭር ነውና የመጨረሻው መልስ በደረሰዎት ሳምንት ይንቀሳቀሱ። ዳኛው የምሕንድስና ብቃትዎን አይመዝንም፤ ስለዚህ «ፈቃዱ ይሰጠኝ» ከሚሉ «ውሳኔው ተሽሮ የ2 ዓመቱ ልምድ በጡረታና በግብር ማስረጃው እንደገና ይታይልኝ» ይበሉ። ማስረጃውን ሁሉ፣ የምስክሮችን ስም ጭምር፣ ከክሱ ጋር ያያይዙ። ኋላ የሚመጣ ሰነድ በቂ ምክንያት ካልቀረበበት አይገባም።